ስፒከራችሁ ሲያጉረመርም፦ የቤት ቴአትርን ጉርምርምታ እስከ ምንጩ ተከትሎ የማጥፊያ መመሪያ

ፊልሙ ጸጥ ያለ ቦታ ላይ ይደርሳል። ተዋናዮቹ ዝም ይላሉ፣ ሙዚቃው ይቆማል፤ ከስፒከሮቹ ግን «እምምምም» የሚል ድምፅ ይቀራል። ድምፁን ቀነሳችሁ፣ ቴሌቪዥኑን አጠፋችሁ፣ ገመዶቹን ነካካችሁ፤ አልሄደም። ብዙ ሰው ከዚህ በኋላ የሚያደርገው ወፍራምና ውድ ኬብል መግዛት ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ኬብሉ ያምር ነበር፤ ጉርምርምታው ግን እንዳለ ቀረ። ጥፋቱ የተገኘው ለሁለት ሳምንት ዘወር ብዬ ባላየሁት፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ በተሰካው የአንቴና ገመድ ላይ ነበር።

በዚህ ሥራ ሰው የሚሸነፈው ዕውቀት አንሶት አይደለም፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ስለሚቀይር ነው። ገመዱንም ሶኬቱንም ቀይሮ ድምፁ ሲጠፋ የትኛው እንደፈወሰው አያውቅም። በሳምንቱ ሲመለስበት ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ሕግ አንድ ነው፦ አንድ ነገር ቀይሩ፣ አዳምጡ፣ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ብቻ ወደሚቀጥለው እለፉ። ምንጩን ሳታገኙ ምንም ነገር አትግዙ።

እንዳይምታታ አንድ ነገር ላስቀድም። ከዚህ በታች «አምፕሊፋየር» የምለው ስፒከሮቹ ሁሉ የሚገቡበትን ዋናውን ሳጥን ነው። የሳተላይት ቻናል የሚያመጣውን ሳጥን «ዲኮደር» እለዋለሁ። በተለምዶ ሁለቱም ሪሲቨር ይባላሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ አደጋ የሌላቸው የሚሆኑት እነዚህ ከተጠበቁ ብቻ ነው።

የግራውንዱን እግር አትንኩ። ባለ ሦስት እግር መሰኪያ ላይ የግራውንዱን እግር መቁረጥ፣ በፕላስተር መጠቅለል ወይም ግራውንድ በሌለው ማስተላለፊያ ውስጥ መሰካት ጉርምርምታውን ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል። ምክሩ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈውም ስለሚሠራ ነው፤ ክፋቱም እዚያው ላይ ነው። ከዚያ እግር ጋር የተያያዘው የግራውንድ ሽቦ የተቀመጠው በሳጥኑ ውስጥ የእሳት ሽቦ ተላቆ ብረቱን ቢነካ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት ወርዶ ብሬከሩን እንዲያዘልለው ነው። ሽቦው ከሌለ ኤሌክትሪኩ ብረቱ ላይ ተቀምጦ የሰው እጅ ይጠብቃል። የቤት ቴአትር ሳጥኖች ደግሞ ሁሉም በኬብሎቻቸው ብረት የተያያዙ ስለሆኑ፣ የአንዱ ሳጥን አደጋ ወደ ሌሎቹ ሁሉ ይሄዳል። ለአንድ ጉርምርምታ ሲባል ሕይወት አይያዝም።

ሳጥኑን አትክፈቱ። በአምፕሊፋየር ውስጥ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች መሰኪያው ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። እዚህ የምንሠራው ሁሉ ከውጭ ነው።

ማንኛውንም የድምፅ ኬብል ከመንቀላችሁ ወይም ከመሰካታችሁ በፊት አምፕሊፋየሩንና ሰብዉፈሩን (ወፍራሙን የባስ ድምፅ የሚያወጣውን ትልቁን ስፒከር) አጥፉ። አርሲኤ ጃክ (ብዙ ጊዜ ቀይና ነጭ የሆነው የድምፅ ኬብል ጫፍ) ሲገባ የመሃሉ መርፌ ከዙሪያው ብረት ቀድሞ ይገናኛል። ሳጥኑ በርቶ ከሆነ በዚያች ቅጽበት ኃይለኛ ጉርምርምታ ወይም «ዱም» የሚል ድምፅ ይወጣል፤ ስፒከር ሊያቃጥልም ይችላል።

የአንዱን ሳጥን ብረት ስትነኩ እጃችሁን ከነዘራችሁ እዚያው አቁሙ። መስመሩን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳያየው አትቀጥሉ።

ከዚያ እነዚህን አዘጋጁ፦ የእጅ ባትሪ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ በገመዶቹ ላይ ስም የምትጽፉበት ፕላስተር፣ አንድ የምትተማመኑበት አጭር አርሲኤ ኬብል፣ እንዲሁም ስልክን ከአርሲኤ ጋር የሚያገናኝ ኬብል። የአምፕሊፋየሩን ጀርባ ከአንድም ሁለት ጊዜ ፎቶ አንሡ፤ አንዱን ከሩቅ፣ ሌላውን ጽሑፉ እስኪነበብ ከቅርብ። እያንዳንዱን ገመድ በሁለቱም ጫፉ ላይ ስሙን ጻፉበት። አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን አሥራ ሁለት ጥቁር ገመድ ወለል ላይ ተዘርግቶ ስታዩ ታመሰግኑታላችሁ።

ደረጃ 1፦ የድምፁን ዓይነት ለዩ

አምፕሊፋየሩን አብሩ፣ ምንም አታጫውቱ፣ ድምፁን እንደተለመደው መጠን አድርጉት፣ ጆሮአችሁንም ወደ ስፒከሩ አስጠጉ። ከእነዚህ የትኛው ነው?

ወፍራም፣ ዝቅ ያለና ወጥ የሆነ «እምምም» ከሆነ ከኤሌክትሪክ መስመሩ የመጣ ነው። መስመሩ እንደየአገሩ በሴኮንድ 50 ወይም 60 ጊዜ ይመላለሳል። ጉርምርምታው በዚያው ልክ፣ ወይም በእጥፉ፣ ማለትም በ100 ወይም በ120 ሄርዝ ይሰማል። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ከዚህ በታች የማብራራው የግራውንድ ዙር ነው።

ሻካራ፣ ቀጭንና የሚቧጥጥ «ዝዝዝ» ከሆነ የመብራት መቆጣጠሪያ ዲመር፣ ቻርጀር ወይም መረቡ (የውስጡን ሽቦ ዙሪያውን የሚሸፍነው ብረት) የተበጠሰ ኬብል መጠርጠር አለበት። ደረጃ 1ንና 2ን ጨርሳችሁ በቀጥታ ወደ ደረጃ 7 ሂዱ።

«ሽሽሽ» የሚል የነፋስ ዓይነት ድምፅ ጉርምርምታ አይደለም። የአምፕሊፋየሩ የራሱ ድምፅ ነው፤ ጆሮ አስጠግታችሁ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ተዉት።

«ትር-ትር-ትር» እያለ መጥቶ የሚሄድ ከሆነ ስልካችሁን ከመደርደሪያው አንሡት።

ድምፁ የሚመጣው ከስፒከሩ ሳይሆን ከራሱ ከአምፕሊፋየሩ ሳጥን ከሆነ ደግሞ ወደ ደረጃ 8 እለፉ። ይህን ለመለየት የስፒከሮቹን ገመድ መንቀል አያስፈልግም፤ ጆሮን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዞር ይበቃል።

ጆሮአችሁን ካላመናችሁ ድምፅ የሚያመነጭ ፕሮግራም ስልካችሁ ላይ ጫኑና በጆሮ ማዳመጫ 50ን ከዚያም 100ን አስሙ፤ መስመራችሁ 60 ከሆነ 60ንና 120ን። በስልኩ በራሱ ስፒከር አትሞክሩት፤ ትንሿ ስፒከር 50 ሄርዝን ማውጣት አትችልም። ዝቅተኛው ከገጠመ የግራውንድ ዙር ወይም ከአየር ጉርምርምታ የሚለቅም ኬብል ይጠረጠራል። እጥፉ ከገጠመ የአምፕሊፋየሩ ኃይል ማጣሪያ ካፓሲተሮችም ይጨመራሉ። ይህ ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ የግራውንድ ዙርም እጥፉን ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ደረጃ 2፦ ድምፁን ከፍና ዝቅ አድርጉ

አሁንም ምንም አታጫውቱ። የድምፅ መቆጣጠሪያውን ቀስ ብላችሁ ከዜሮ ወደ ላይ አምጡ፤ ፊልም እንደምታዩበት መጠን ሲደርስ አቁሙ።

1. ጉርምርምታው አብሮ ከጨመረ ችግሩ ከድምፅ መቆጣጠሪያው በፊት ነው፤ ማለትም ከምንጩ ወይም ከምንጩ በሚመጣው ኬብል ላይ።
2. ካልተለወጠ ከመቆጣጠሪያው በኋላ ነው፤ አምፕሊፋየሩ ራሱ፣ ወይም ወደ ሰብዉፈሩ የሚሄደው መስመር።
3. ከዚያ ምንጮቹን አንድ በአንድ ቀያይሩ። በአንዱ ላይ ብቻ ካጉረመረመ መያዣ ነጥብ አገኛችሁ፤ ያንን ምንጭ ጻፉት።

ከየትኛው ስፒከር እንደሚሰማም ጻፉ። ከሰብዉፈሩ ብቻ ከሆነ ደረጃ 3ን ጨርሳችሁ ወደ ደረጃ 5 ሂዱ። ከአንድ ተራ ስፒከር ብቻ ከሆነ አምፕሊፋየሩን አጥፍታችሁ የግራና የቀኝ ስፒከሮቹን ገመድ አምፕሊፋየሩ ጋ አቀያይሩ። ጉርምርምታው ወደ ሌላው ስፒከር ከሄደ ጥፋቱ ከአንዱ የአምፕሊፋየሩ መውጫ ወይም ከዚያ በፊት ነው። ስትሰኩ ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ተንጠልጥለው እርስ በርስ እንዳይነካኩ በእጅ ባትሪ እዩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጉርምርምታው በጣም ኃይለኛ ከሆነና የስፒከሩ ሸራ ወደ ውጭ ተገፍቶ ወይም ወደ ውስጥ ገብቶ ከቆመ ወዲያውኑ አጥፉ። አምፕሊፋየሩ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ወደ ስፒከሩ እየላከ ነው ማለት ነው፤ በሴኮንዶች ውስጥ ያቃጥለዋል። ከእንግዲህ ያ አምፕሊፋየር የጥገና ባለሙያ እንጂ የእናንተ ሥራ አይደለም።

ደረጃ 3፦ ሁሉንም ንቀሉ

ሰዎች በጣም የሚፈሩት ደረጃ ይህ ነው፤ ብዙውን የሚገልጸውም እሱ ነው።

1. ሁሉንም ሳጥን አጥፉ።
2. ከአምፕሊፋየሩ ላይ ከኤሌክትሪክ ገመዱና ከስፒከር ገመዶቹ በቀር ሁሉንም ንቀሉ፤ ኤችዲኤምአይ፣ አርሲኤ፣ ኦፕቲካል፣ የአንቴና ገመድ፣ የኢንተርኔት ገመድ፣ ዩኤስቢ፣ ሁሉንም።
3. አምፕሊፋየሩን ብቻውን አብሩት፣ አዳምጡ።

ዝም ካለ ደስ ይበላችሁ፤ አምፕሊፋየሩ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ከተነቀሉት መካከል ነው። አሁንም ካጉረመረመ በሌላ ክፍል ባለ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት። እዚያም ካጉረመረመ ወደ ደረጃ 8።

ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ነገር እዚህ አለ፦ ሳጥንን ማጥፋት ከመንቀል ጋር አንድ አይደለም። ቴሌቪዥኑ ቢጠፋም የኤችዲኤምአይ ኬብሉ ብረት አሁንም ሁለቱን ሳጥኖች አገናኝቷል፤ ጉርምርምታው የሚሄደው በዚያ ብረት ነው። «አጥፍቼው አልጠፋም፣ ስለዚህ ቴሌቪዥኑ አይደለም» ማለት ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ነው። የእኔን ሁለት ሳምንት የበላውም እሱ ነው።

ደረጃ 4፦ አንድ በአንድ መልሱ

እዚህ ላይ ፍጥነት አያስፈልግም። አጥፉ፣ አንድ ገመድ ስኩ፣ አብሩ፣ አንድ ደቂቃ አዳምጡ፣ ጻፉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦

1. ሰብዉፈሩ።
2. ቴሌቪዥኑ፣ የአንቴና ገመዱ ሳይሰካበት።
3. የአንቴናው ወይም የኬብል ቴሌቪዥኑ ገመድ።
4. ዲኮደሩ፣ መጀመሪያ የሳህኑ ገመድ ሳይገባበት፣ ቀጥሎ ከነገመዱ።
5. የጨዋታ ማሽን፣ ኮምፒውተርና የቀረው ሁሉ።

ጉርምርምታው ሲጀምር እጃችሁ ላይ ያለው ገመድ የነገሩ ግማሽ ነው። ግማሽ ያልኩት በምክንያት ነው።

የግራውንድ ዙር፣ ቴክኒሻኖች ግራውንድ ሉፕ የሚሉት፣ ሁለት መግቢያ ይፈልጋል። ሰብዉፈሩ በኤሌክትሪክ ገመዱ ከመሬት ጋር ተያይዟል እንበል። የአንቴናው ገመድም በሌላ ቦታ ከመሬት ጋር ተያይዟል። ሁለቱ የመሬት ነጥቦች ፍጹም እኩል አይደሉም፤ በመካከላቸው ጥቂት ሺህኛ ቮልት ልዩነት ይኖራል። ሁለቱም በአምፕሊፋየሩ በኩል ሲገናኙ ዙር ይሠራሉ፤ ትንሹ ኤሌክትሪክም በኬብሉ መረብ ውስጥ ይሽከረከራል። ያ መረብ ደግሞ የድምፁ ሲግናል መመለሻም ስለሆነ ልዩነቱ ከሙዚቃው ጋር ተደባልቆ ይጎላል። ሺህኛ ቮልት ትንሽ ይመስላል፤ አምፕሊፋየር ሥራው ትንሹን ማጉላት መሆኑን ግን አትርሱ።

ስለዚህ ሰብዉፈር ብቻውን ዝም ይላል፣ አንቴና ብቻውን ዝም ይላል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ያጉረመርማሉ። የመጨረሻውን ገመድ ስታገኙ በቦታው ተዉትና ቀደም ብለው የተሰኩትን አንድ በአንድ ንቀሉ። ሌላው ጥንድ የቱ እንደሆነ ስታውቁ ዙሩን ከሁለቱ በሚቀላችሁ ቦታ ላይ መበጠስ ትችላላችሁ። ይህን ሳያደርጉ «ሰብዉፈሩ ተበላሽቷል» ብለው የመለሱ ሰዎች አውቃለሁ፤ አዲሱም እንደ አሮጌው አጉረመረመ።

ላፕቶፕ ከቻርጀሩ ጋር ሲሰካ የተለመደ ጥፋተኛ ነው። አንድ ቀን እህቴ ቤት ከመደርደሪያው ጀርባ በደረቴ ተኝቼ፣ ባትሪውን በጥርሴ ይዤ የሰብዉፈሩን ጃክ ሳሽከረክር ጉርምርምታው እንደተቆረጠ ክር ቀጥ አለ። ምንም አላደረግኩም ነበር። ቀና ስል እህቴ ስልኳን ልትሰካ የላፕቶፑን ቻርጀር ከሶኬቱ ነቅላለች። «መልሺው» አልኳት፤ እምምም። «ንቀይው»፤ ጸጥ። ላፕቶፕ ካላችሁ ይህንን ሙከራ ከሁሉ አስቀድሙት፤ የሚወስደው ሁለት ሴኮንድ ነው።

ደረጃ 5፦ ሰብዉፈሩን ለብቻው መርምሩ

ኃይል የራሱ የሆነ፣ ለብቻው ወደ ሶኬት የሚገባ ሰብዉፈር ላላችሁ ነው። ሰብዉፈራችሁ የኤሌክትሪክ ገመድ ከሌለውና ከዋናው ሳጥን በስፒከር ገመድ የሚነሣ ከሆነ እንደ ማንኛውም ስፒከር ቁጠሩት፤ ይህን ደረጃ ዝለሉ።

1. በሰብዉፈሩ ጀርባ ያለውን የማብሪያ መምረጫ ከራስ-ሰር ላይ አንሥታችሁ ሁልጊዜ ክፍት ወደሚለው አምጡት። አለበለዚያ ሲግናል ሲያጣ ራሱን ያስተኛል፤ እናንተም «ዳነ» ትላላችሁ።
2. የሲግናል ገመዱን ሰብዉፈሩ ላይ ካለው ጫፍ ንቀሉ፣ አብሩት። ምንም ሳይሰካበት ካጉረመረመ ጥፋቱ በራሱ ውስጥ ነው።
3. ዝም ካለ ገመዱን መልሱና ሌላውን ጫፍ ከአምፕሊፋየሩ ነቅላችሁ ስልካችሁ ላይ ሰኩት። ስልኩ ቻርጀር ላይ አይሁን። ጸጥ ካለ ሰብዉፈሩም ገመዱም ጤነኞች ናቸው፤ ያለው የግራውንድ ዙር ነው። ካጉረመረመ በአጭሩ ኬብል ተኩታችሁ ድገሙት።

የገመዱን አንድ ጫፍ አየር ላይ አንጠልጥላችሁ ግን አትፍረዱ። አንድ ጫፉ ያልተሰካ አርሲኤ ኬብል እንደ አንቴና ሆኖ ብዙ ጊዜ ያጉረመርማል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። የመሃሉን መርፌ በጣት መንካትም እንዲሁ።

ጉርምርምታው ቀላል ከሆነና ከቅርብ ብቻ የሚረብሽ ከሆነ የሁለቱን የድምፅ መጠን አስተካክሉ። ብዙ ሰው የሰብዉፈሩን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ያዞረውና በአምፕሊፋየሩ ምናሌ ውስጥ የሰብዉፈሩን መጠን ዝቅ ያደርጋል። ያን ጊዜ ሰብዉፈሩ በገመዱ ላይ ያለውን ቆሻሻ ሁሉ በሙሉ ኃይሉ ያጎላዋል። ገልብጡት፦ በሰብዉፈሩ ላይ ቀንሱ፣ በአምፕሊፋየሩ ምናሌ ጨምሩ። የባሱ ድምፅ እንደነበረ ይቆያል፣ ጉርምርምታው ይቀንሳል። ዙሩን አይበጥሰውም፤ ግን አንዳንድ ቤት ይህ ብቻ በቂ ሆኖ አይቻለሁ።

ደረጃ 6፦ ዙሩን በጥሱ

እስካሁን ምንም አልገዛችሁም። አሁን ጥንዱን ስለምታውቁ የሚያስፈልጋችሁን ብቻ ታደርጋላችሁ። ከቀላሉ ጀምሩ።

ሁሉንም ወደ አንድ ሶኬት አምጡ። አምፕሊፋየሩን፣ ሰብዉፈሩን፣ ቴሌቪዥኑንና ዲኮደሩን ከአንድ የግድግዳ ሶኬት በሚነሣ፣ ግራውንድ ባለው ዲቫይደር ላይ ሰኩ። የመሬት ነጥባቸው አንድ ሲሆን ልዩነቱም ይጠብባል። ዲቫይደሩ ላይ የተጻፈውን የኃይል ልክ አንብቡ፤ ማሞቂያ ወይም ካውያ አብራችሁ አትሰኩ። ሰብዉፈሩ ሩቅ ከሆነ ለሙከራ ያህል በማራዘሚያ አምጡት፤ ከሠራ በኋላ ገመዱን በደንብ አሳልፉ።

በኦፕቲካል ኬብል ተኩ። ጥንዱ ያለው ቴሌቪዥኑና አምፕሊፋየሩ መካከል ከሆነ ንጹሑ መፍትሔ ይህ ነው። ኦፕቲካል ኬብል ድምፁን በብርሃን ያሻግራል፤ ብረት ለብረት ስለማያገናኝ የግራውንድ ዙር ሊያልፍበት አይችልም። የሚያስከፍለው ነገር አለው፦ ዶልቢ ዲጂታልና ዲቲኤስ የሚባሉትን የፊልም ድምፅ ዓይነቶች በ5.1 (በአምስት ስፒከርና በአንድ ሰብዉፈር) ያሳልፋል፤ ከእነዚህ በላይ ያሉትን ጥራታቸው የላቀ የፊልም ድምፆች ግን አይችልም። የኤችዲኤምአይ ኬብሉንም ከአምፕሊፋየሩ መንቀል አለባችሁ፤ ሁለቱን አብራችሁ ከሰካችሁ ዙሩ በኤችዲኤምአዩ በኩል ይመለሳል።

የአንቴናው ገመድ ላይ አይሶሌተር አስገቡ። ገመዱ ከቴሌቪዥኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የምትገባ፣ የጣት ያህል ትንሽ ዕቃ ናት። የምስሉን ሲግናል ታሳልፋለች፣ የግራውንዱን ግንኙነት ትቆርጣለች። ከሳህን የሚመጣ ገመድ ላይ ግን አትሞክሯት። ዲኮደሩ በዚያው ገመድ ላይ 13 ወይም 18 ቮልት ወደ ኤልኤንቢው (ሳህኑ ፊት ወዳለችው ሲግናል ተቀባይ) ይልካል፤ ተራ አይሶሌተር ይህን ኤሌክትሪክ ስለሚቆርጥ ምስሉ ይጠፋል። ሳህን ላላችሁ ሁለት መንገድ አለ፦ ድምፁን በኦፕቲካል መውሰድ፣ ወይም የሳህኑ ገመድ መረብ ወደ ቤት ሲገባ ከቤቱ ዋና ግራውንድ ጋር እንዲታሰር ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ማሠራት። ሁለተኛው የመብረቅን አደጋም ይቀንሳል፤ ለእኔ የሚመረጠው እሱ ነው።

ወደ ሰብዉፈሩ በሚሄደው ገመድ ላይ የድምፅ መለያ ትራንስፎርመር አስገቡ። ሲግናሉን በመግነጢስ ያሻግረዋል፣ ብረቱን ይለያል። ስትገዙ አንድ ቁጥር ብቻ ተመልከቱ፦ ከ20 ሄርዝ ጀምሮ እኩል እንደሚያሳልፍ የተጻፈበት ይሁን። ትንንሾቹና ርካሾቹ ዝቅተኛውን ባስ ይበላሉ፤ ጉርምርምታው ከነባሱ ከሄደ ሰብዉፈር መያዝ ምን ይጠቅማል?

የጉርምርምታውን ምንጭ ሳያውቁ የሚገዙት «የኃይል ማጽጃ» ሳጥንና ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ ለግራውንድ ዙር መድኃኒት አይደሉም። ዙሩ ያለው በሲግናል ኬብሎቹ ውስጥ ነው።

ካላችሁ ለሸክላ ማጫወቻ አንድ ቃል፦ ከቀይና ነጩ ገመድ ጎን ብዙ ጊዜ ቀጭን ሦስተኛ ሽቦ አለች። አምፕሊፋየሩ ጀርባ ግራውንድ ከሚለው ብሎን ሥር እሰሯት። ያልታሰረች ከሆነ ከላይ የተጻፈው ሁሉ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ደረጃ 7፦ ሻካራው «ዝዝዝ»

ይህኛው ብዙ ጊዜ ዙር ሳይሆን ከአካባቢው የሚለቀም ነው።

1. ዲመር ያላቸውን መብራቶች ሙሉ በሙሉ አጥፉ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ አብሩ። በመካከል ሲሆን ብቻ የሚቧጥጥ ከሆነ ጥፋተኛው ዲመሩ ነው፤ የኤሌክትሪኩን ሞገድ በሴኮንድ 100 ወይም 120 ጊዜ እየቆረጠ መብራቱን ስለሚያደበዝዝ ነው። ዲመሩን ማስቀየር ወይም ቴአትሩን ከመብራቱ በተለየ መስመር ላይ ማድረግ ያስፈልጋል።
2. በአቅራቢያ ያሉትን ቻርጀሮች ሁሉ ንቀሉ፣ አንድ በአንድ መልሱ።
3. አሁንም ካልተገኘ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ ዝቅ አድርጉ፤ ቴአትሩን ከሚመግበው በቀር። በቅድሚያ ኮምፒውተሮችን ዝጉ፣ ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሕክምና መሣሪያ ካለ ይህን አታድርጉ። የትኛው ብሬከር ሲወርድ ጸጥ እንዳለ አይታችሁ በዚያ መስመር ላይ ያለውን ዕቃ ፈልጉ።
4. ገመዶቹን አደራጁ። የሲግናል ኬብል ከኤሌክትሪክ ገመድ ጋር ተጠምጥሞ ወይም ተደርቦ ርቀት አይሂድ። ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር አራርቋቸው፤ መተላለፍ ካለባቸው እንደ መስቀል በቀጥታ ይቋረጡ። የተረፈውን ኬብል ጠቅልላችሁ ከቻርጀር አጠገብ አትጣሉት። የኬብል መረብ ከትራንስፎርመር የሚወጣውን መግነጢስ በደንብ አይመክትም፤ የሚመክተው ርቀት ነው።
5. ሁሉም በርቶ ሳለ የእያንዳንዱን አርሲኤ ጃክ ፕላስቲኩን ይዛችሁ በቀስታ ወዘወዙ፤ ሳትነቅሉት። ድምፁ ከተቆራረጠ ወይም ከተለወጠ የዙሪያው ብረት ላልቷል ወይም መረቡ ውስጥ ውስጡን ተበጥሷል። አጥፉና ኬብሉን ለውጡ፤ ሊጠገን የሚገባው ነገር አይደለም።

ደረጃ 8፦ ሳጥኑ ራሱ ሲታመም

ሁሉም ተነቅሎ፣ በሌላ ሶኬት ላይም ሆኖ አምፕሊፋየሩ በሁሉም ስፒከሮች ካጉረመረመና የድምፅ መቆጣጠሪያው ምንም ካልለወጠው፣ የኃይል ማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ሳያረጁ አልቀሩም። በዕድሜ ይደርቃሉ፣ አናታቸው ያብጣል፤ ኤሌክትሪኩን ማለስለስ ሲያቅታቸው የ100 ወይም የ120 ሄርዝ ሞገድ ወደ ስፒከሩ ያልፋል። ለጥገና ስትወስዱት «ያጉረመርማል» ብቻ አትበሉ። ወረቀታችሁን ስጡ፦ ምንም ገመድ ሳይሰካበት፣ በሁሉም ቻናል፣ በድምፅ መጠን የማይለወጥ፣ በሁለት ሶኬት የተሞከረ። ባለሙያው ግማሽ ቀን ይተርፈዋል፣ ለእናንተም «ምንም ችግር አላገኘሁም» ተብሎ አይመለስላችሁም።

ድምፁ ከስፒከር ሳይሆን ከሳጥኑ ሆድ ከሆነ የሚንቀጠቀጠው ትራንስፎርመሩ ነው። መጀመሪያ ሳጥኑን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ከሥሩ ወፍራም ጎማ አስገቡ፤ ብዙ ጊዜ ትራንስፎርመሩ ሳይሆን ከእሱ ጋር አብሮ የሚርገበገበው መደርደሪያ ነው የሚጮኸው። መጥቶ የሚሄድ ከሆነ ሰዓቱን መዝግቡ። አንዳንድ የፀጉር ማድረቂያዎች በግማሽ ኃይል ሲሠሩ የኤሌክትሪኩን ግማሽ ሞገድ ብቻ ስለሚወስዱ በዚያው መስመር ላይ ያሉ ትራንስፎርመሮች ያጉረመርማሉ፤ ማድረቂያው ሲጠፋ ያቆማል።

ከተፈታ በኋላ ተመልሶ ቢመጣ

ከዳነ በኋላ በቀናት ውስጥ የሚመለስ ጉርምርምታ ብዙ ጊዜ አዲስ ነገር ከተሰካ በኋላ ነው። አዲስ የጨዋታ ማሽን፣ አዲስ ዲኮደር፣ ሌላ ክፍል የተዘረጋ የኢንተርኔት ገመድ። ወረቀታችሁን አውጡ፤ ከዜሮ ሳይሆን ከመጨረሻው መስመር ትጀምራላችሁ።

በሰዓት የሚመጣ፣ ለምሳሌ ማታ ማታ ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ ለሦስት ቀን ጊዜውንና በዚያ ሰዓት በቤቱ የሚሠራውን ሁሉ ጻፉ፤ መብራት፣ ማቀዝቀዣ፣ የውኃ ፓምፕ። ሁለት ነገር በአንድ ሰዓት ላይ ደጋግሞ ከተገናኘ ያንኑ ዕቃ ንቀሉና አዳምጡ።

ሁሉንም አድርጋችሁ በቤቱ ባሉት ሶኬቶች ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ወይም የአንዱን ሳጥን ብረት ስትነኩ ጉርምርምታው የሚቀንስ ከሆነ፣ የቤቱ ግራውንድ ላልቷል ወይም ጭራሹን የለም ማለት ሊሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ ባለሙያ በመሣሪያ ይለካው። ስትጠሩት ስለ ስፒከሩ አታውሩት፤ የሶኬቶቹንና የዋናውን ሳጥን ግራውንድ እንዲለካላችሁ ንገሩት፣ ሲለካም አጠገቡ ቆማችሁ ውጤቱን በዚያችው ወረቀት ላይ ጻፉ።